የቤት እንስሳን በቤቱ መሸኘት፦ ሐኪሙን ከመጥራት እስከ ቀብሩ ድረስ

ውሻ ወይም ድመት የማይድን ሕመም ሲይዘው፣ ወይም እርጅናው ሲጫነው፣ ብዙ ባለቤት ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ይመስለዋል። ወይ ክሊኒክ ወስዶ ማስወጋት፣ ወይ እስኪሞት ድረስ ዝም ብሎ ማየት። ሦስተኛ መንገድ አለ። ቤት ድረስ እየመጣ ሕመሙን የሚያስታግስ፣ ቤተሰቡን አያያዝ የሚያስተምር፣ ቀኑ ሲደርስም እንስሳው በለመደው መኝታ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ የእንስሳት ሐኪም። ሥራው ራሱን ችሎ የቆመ ዘርፍ ከሆነ ብዙም አልቆየም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሆስፒስ (የመጨረሻ ጊዜ እንክብካቤ) እና የማስታገሻ ሕክምና ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር ከእሱ ጋር ሆኖ ስለ መጨረሻ ጊዜ እንክብካቤ መመሪያ ያወጣው በ2016 ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ሐኪም እንዴት እንደሚመረጥ፣ ምን እንደሚጠየቅና በየደረጃው ምን እንደሚጠበቅ ይዘረዝራል። ከሁሉም በላይ የማሳስበው ግን አንድ ነገር ነው፦ ሐኪሙን ቀድመው ይጥሩት። የዚህ ሕክምና ዋና ጥቅም ያለው ከመጨረሻው መርፌ በፊት ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚደውለው ደግሞ እነዚያ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ጊዜ ሳለ መደወል

«መች ልደውል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «መዳን እንደማይችል በተነገርዎት ቀን» ነው። የማይወጣ ዕጢ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም፣ በመድኃኒት መያዝ ያቃተ የልብ ድካም፣ ለመነሳት የሰው እጅ የሚጠብቅ መገጣጠሚያው የታመመ ትልቅ ውሻ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚንከራተትና የሚያውቀው በር የሚጠፋበት ሽማግሌ ውሻ፤ እነዚህ ሁሉ ለመጀመሪያው ጉብኝት በቂ ምክንያቶች ናቸው። መደወል ማለት ቀን መቁረጥ ማለት አይደለም። እንዲያውም ቀድሞ የተደወለለት ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ገና ነው፣ ይህን መድኃኒት እንሞክር» የሚል ነው።

ቤት የሚመጣ ሐኪም የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ሆዱ በድንገት ተነፍቶ ለማስመለስ የሚታገል ግን ምንም የማይወጣው ውሻ፣ ሊሸና እየተቀመጠ አንዲት ጠብታ ያቃተው ወንድ ድመት፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ የዘለቀ ወይም እየተደጋገመ የሚመለስ የሚጥል ሕመም፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ድመት። እዚህ ላይ «ቤቱ እንዲያርፍ ቃል ገብቼለታለሁ» ብሎ ሰዓታት መጠበቅ ጭካኔ ይሆናል። ቅርብ ወዳለው ክሊኒክ ይውሰዱት፤ መጨረሻው ያው ቢሆን እንኳ ስቃዩ ያጥራል።

ደረጃ 2፦ ሐኪሙን መምረጥ

ፈልጎ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ እንስሳውን ሲያክም የኖረውን ሐኪም መጠየቅ ነው። አንዳንዶች ራሳቸው ቤት ይመጣሉ፤ ካልመጡም የሚመጣውን ያውቃሉ። ዋናው ነገር ሁለቱ ሐኪሞች መነጋገር መቻላቸው ነው። የሕክምና ማኅደሩን፣ የደም ምርመራ ውጤቱንና አሁን የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ቀድመው ያስልኩ።

ከዚያ በስልክ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦

– የሙያ ፈቃድ አለዎት? ለመጨረሻው መርፌ የሚጠቀሙት መድኃኒት ምንድን ነው?
– ከእሱ በፊት የሚያስተኛ መርፌ ይሰጣሉ?
– የሚመጡት ለመጨረሻው ቀን ብቻ ነው ወይስ ማስታገሻ ሕክምናም ይከታተላሉ?
– በሌሊት ወይም በበዓል ቀን ቢብስበት ማንን ልጥራ?
– ከሞተ በኋላ አስከሬኑን ማን ይወስዳል? ሁሉም ወጪ ተደምሮ ስንት ነው?

ስለሚያስተኛው መርፌ ለጠየቁት መልሱ «አያስፈልግም» ከሆነ እኔ ብሆን ሌላ ሐኪም እፈልጋለሁ። በሙያ መመሪያዎች ውስጥ ቀድሞ ማስተኛት ሁልጊዜ ግዴታ ላይሆን ይችላል፤ ቤት ውስጥ፣ ቤተሰብ ፊት፣ ደም ሥሩ የደከመ ያረጀ እንስሳ ላይ ግን መዝለሉ የሚያሳምን ምክንያት የለውም።

ስለ መድኃኒቱ መጠየቅም የሐኪሙን ሙያ መጠራጠር አይደለም። በሰፊው የሚመረጠው በደም ሥር የሚሰጥ ፔንቶባርቢታል ነው። እሱ በማይገኝበት ቦታ አንዳንድ ሐኪሞች ጡንቻ የሚያሽመደምድ ንጥረ ነገር ያለበትን መድኃኒት ወይም ፖታስየም ክሎራይድ ይጠቀማሉ። ፖታስየም ክሎራይድም ሆነ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ነቅቶ ላለ እንስሳ መሰጠት የለበትም፤ ቀድሞ ሙሉ በሙሉ መደንዘዝና ራሱን መሳት አለበት። «ከመስጠትዎ በፊት መደንዘዙን እንዴት ያረጋግጣሉ?» ብለው ቢጠይቁ ጥሩ ሐኪም ቅር አይለውም።

ፔንቶባርቢታል በአብዛኛው አገር ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ለባለቤት ተሰጥቶ አይኬድም፤ «መድኃኒቱን ልስጥዎትና ራስዎ ይውጉት» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይራቁ። ሐኪሞችም ራሳቸው ይዘውት ለመዞር ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በአሜሪካ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ቁጥጥር ያለባቸውን መድኃኒቶች ከተመዘገቡበት አድራሻ አውጥተው ወደ ቤትና እርሻ ይዘው መሄድ እንዲችሉ በሕግ በግልጽ የተፈቀደላቸው ገና በ2014 ነው።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ጉብኝት

ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ የቆመ እንስሳ የሚያሳየው በአብዛኛው ፍርሃቱን ነው። አነካከሱን ይደብቃል፣ ሰውነቱን ያጠነክራል። ቤቱ ግን እውነቱ ይወጣል። ሐኪሙ ከመኝታው ሲነሳ ስንት ጊዜ እንደሚሞክር፣ ወለሉ ሲያንሸራትተው የትኛውን እግሩን እንደሚያሸሽ፣ ድመቷ ሶፋው ላይ ለመውጣት ስታስብ ቆይታ እንደምትተወው ያያል። ስለዚህ ለመምጣቱ ብለው ቤቱን አያሰናዱ፤ እንስሳውንም አያጥቡት። እንደ ወትሮው ይሁን። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ነገር ካለ (የሌሊት ሳል፣ ሲራመድ መውደቅ) በስልክዎ ቀርጸው ያሳዩት።

ከዚህ ጉብኝት የሚወጡት አብዛኞቹ ለውጦች መድኃኒት አይደሉም። ከመኝታው እስከ ውሃው ድረስ የማያንሸራትት ምንጣፍ ማንጠፍ፣ አንገቱን ማጎንበስ ለሚያመው ውሻ ሳህኑን ከፍ ማድረግ፣ የድመቷን የአሸዋ ሳጥን አንዱን ጎን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ፣ ደረጃውን መዝጋት፣ መነሳት ላቃተው በየጥቂት ሰዓቱ ጎኑን ማገላበጥ። ትንሽ የሚመስሉ ናቸው። ነገር ግን ከአሸዋ ሳጥኑ ውጭ የምትሸና ድመት ብዙ ጊዜ «ልማዷ ተበላሽቶ» ሳይሆን ጠርዙን መሻገር እያመማት ነው።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ፀረ ብግነት መድኃኒቶች፣ ለነርቭ ሕመም ጋባፔንቲን፣ ለማቅለሽለሽ ማሮፒታንት፣ ምግብ ለዘጋው ድመት በጆሮው ውስጠኛ ቆዳ ላይ የሚቀባ ሚርታዛፒን የተለመዱ ናቸው። በቅርብ ዓመታት በወር አንዴ የሚወጉ ሁለት የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒቶችም መጥተዋል፤ ፍሩኔቬትማብ ለድመት፣ ቤዲንቬትማብ ለውሻ። ኩላሊቷ ለደከመ ድመት ደግሞ ሐኪሙ ፈሳሽ ከቆዳ ሥር እንዴት እንደሚሰጥ ሊያስተምርዎት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የማይሞከር ይመስላል፤ አብዛኛው ሰው ግን ሐኪሙ እያየው ጥቂት ጊዜ ሲሞክር ይለምደዋል።

እዚህ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከራስዎ መድኃኒት ሳጥን ምንም አይስጡት። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንዲት እንክብል ትበቃለች። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ለሰው የተዘጋጀ ፈሳሽ ጋባፔንቲን ውስጥ ለውሻ መርዝ የሆነው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ ፀረ ብግነት ካዘዘለት ደግሞ ቀድሞ የተጀመረ ስቴሮይድ (ለምሳሌ ፕሬድኒሶሎን) መኖሩን መናገር አይርሱ፤ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ጨጓራ ያቆስላሉ።

ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ይህ በሽታ መጨረሻው ላይ ምን ይመስላል?» ብዙ ባለቤት ይፈራዋል፣ ብዙ ሐኪምም ካልተጠየቀ አያነሳውም። መልሱ ግን ዕቅዱን ሁሉ ይወስናል። የጣፊያ ዕጢ ያለበት ውሻ ዛሬ ደህና ሆኖ ነገ ዕጢው ሊፈነዳና ውስጡ ሊደማ ይችላል፤ ድዱ ነጭ ይሆናል፣ ይወድቃል። የልብ ድካም ሳንባን ውሃ ይሞላና ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ይህ ከሁሉም አስፈሪ ከሆኑት አሟሟቶች አንዱ ነው። የልብ ጡንቻ ሕመም ያለባት ድመት የደም ጓል ወደ ኋላ እግሮቿ ሄዶ በድንገት ሊያሽመደምዳትና ከባድ ሕመም ሊያመጣባት ይችላል። የኩላሊት ሕመም ቀስ ይላል፤ ማቅለሽለሽ፣ የአፍ ቁስል፣ መክሳት። በድንገት ሊፈነዳ ለሚችል በሽታ ቀኑን ቀደም ማድረግ፣ ቀስ ለሚለው ደግሞ እየተከታተሉ መሄድ ያዋጣል።

በመልሱ ላይ ተመሥርተው ሐኪሙ በአንድ ገጽ «ይህ ሲሆን ይህን ያድርጉ» የሚል ወረቀት እንዲጽፍልዎት ይጠይቁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ማሰብ አይቻልም፤ ማንበብ ግን ይቻላል። የትኛው መድኃኒት፣ ስንት፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ይደገማል፣ መቼ ይደወላል፣ ካልመለሰ ወዴት ይኬዳል። ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ጋር ያስቀምጡት፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቦታውን ይወቅ።

ደረጃ 4፦ ሕመሙን ማንበብ መማር

ውሻና ድመት የሚጮኹት በድንገተኛ ሕመም ነው። ሥር የሰደደውን ሕመም በሆዳቸው ይይዙታል። «አይጮኽም፣ ስለዚህ አያመውም» የሚለው ግምት በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ብዙ እንስሳትን የጎዳ ግምት ነው ብዬ አምናለሁ። ድመት ስትደሰት የምታሰማውን የጉሮሮ ድምፅ እያመማትም ታሰማለች። ራሷን ማጽዳት ትታ ፀጉሯ የተቋጠረ፣ ተደብቃ የምትውል፣ ጀርባዋን አጉብጣ የምትቀመጥ ድመት ያማታል። ዕረፍት የሌለው፣ መኝታ የሚቀያይር፣ ሳይሞቀው የሚያለከልክ፣ ሲነኩት የሚያጉረመርም ውሻም እንደዚያው።

ለድመት በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የፊት ገጽታ መለኪያ አለ። አምስት ነገሮች ይታያሉ፤ የጆሮ አቀማመጥ፣ የዓይን መጥበብ፣ የአፍንጫና የአፍ ዙሪያ መወጠር፣ የጢም አቀማመጥ፣ የጭንቅላት ከፍታ። ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይሰጣል። ድምሩ ከ10 ውስጥ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋታል ማለት ነው። የተሠራው ለድንገተኛ ሕመም ነው፤ ሆኖም ዓይንን ለማሠልጠን የሚስተካከለው የለም።

ጠቅላላ ኑሮውን ለመመዘን ደግሞ በሰፊው የሚሠራበት የእንስሳት ካንሰር ሐኪሟ አሊስ ቪላሎቦስ ያዘጋጀችው መለኪያ ነው። ሰባት ነጥቦች አሉት፦ ሕመም (ትንፋሽም እዚሁ ይገባል)፣ ምግብ መብላት፣ የሰውነት ውሃ መጠን፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ ከመጥፎ ቀኖች የበለጡ ደህና ቀኖች መኖራቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል (10 ጥሩው ነው)፤ ድምሩ ከ35 በላይ ሲሆን እንክብካቤውን መቀጠል ተገቢ ነው ይባላል።

መለኪያው ጠቃሚ ነው፤ ግን ድምሩ ይሸፍናል። መተንፈስ የተቸገረ ውሻ በምግብ፣ በንጽሕናና በደስታ ጥሩ ነጥብ አግኝቶ ከ35 ሊያልፍ ይችላል። ትንፋሽ ያጣ እንስሳ ላይ ግን ሌላው ሁሉ ቁጥር ትርጉም የለውም። ስለዚህ ሕመምና ትንፋሽን ለብቻቸው ይዩ፤ እነዚህ ከወደቁ ድምሩን አይጠብቁ። በተጨማሪ ቁጥሩን ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ አይስጠው። በቤቱ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ይሙሉትና ያስተያዩት። ብዙውን ጊዜ አብዝቶ የሚወደው ሰው አብዝቶ ነጥብ ይሰጣል።

ትንፋሽን በቁጥር መያዝ ቀላል ነው። ተኝቶ ሳለ ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ አንድ ብለው ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በሁለት ያባዙ። ጤነኛ ውሻና ድመት እንቅልፍ ላይ በደቂቃ ከ30 በታች ይተነፍሳሉ። የልብ ሕመም ያለበት እንስሳ በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ በዚያው ቀን ይደውሉ። ከቁጥሩ ጎን ቀን መቁጠሪያ ላይ በየማታው «ደህና» ወይም «መጥፎ» ብለው ይጻፉ። አእምሮ የትናንቱን ጅራት መቁላት አስታውሶ ያለፈውን ሳምንት ይረሳል፤ ወረቀቱ አይረሳም።

ደረጃ 5፦ ቀኑን መወሰን

«ራሱ ያሳየኛል» የሚል አባባል በባለቤቶች ዘንድ ተለምዷል። አንዳንዱ ያሳያል፤ ብዙው አያሳይም። ምግብ እስኪያቆም መጠበቅም አስተማማኝ ምልክት አይደለም፤ ከባድ ሕመም ላይ ሆኖ የሚበላ ውሻ ሞልቷል። የተሻለው ዘዴ ጥሩ ጊዜ ላይ ሆኖ ድንበሩን መጻፍ ነው። እንስሳው ከሁሉም የሚወዳቸውን ሦስት አራት ነገሮች ይዘርዝሩ፤ በር ላይ መቀበል፣ ፀሐይ ላይ መተኛት፣ ከቤት ወጥቶ ማሽተት። ከእነዚህ አብዛኞቹ ሲጠፉ ለሐኪሙ እንደሚደውሉ አስቀድመው ይስማሙ።

«በእንቅልፉ በሰላም ይሂድልኝ» የሚለውን ተስፋ ማንም ይረዳዋል። እንዲህ ያለ ሞት ግን ጥቂት ነው፤ ከላይ የተዘረዘሩት በሽታዎች ብዙዎቹ ያለ እርዳታ ሲያልቁ ቀናት የሚፈጅ ስቃይ አላቸው። በእምነቱ ወይም በኅሊናው ምክንያት ሕይወትን በመርፌ ማሳጠር የማይፈልግ ባለቤት ግን መከበር አለበት፤ የመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ጥቅሙ እዚህም ይታያል። ይህን አቋምዎን በመጀመሪያው ጉብኝት ይንገሩት፤ እንዳይደብቁት። ያለ መርፌ እንዲሄድ ማድረግ ያለ ሕክምና መተው ማለት አይደለም። ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ የቀንና የሌሊት ክትትል ይጠይቃል፤ መድኃኒቱ መያዝ ያቃተው ስቃይ ቢመጣ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ደረጃ 6፦ የቀጠሮው ቀን

ክፍያውንና የስምምነት ወረቀቱን ከቀጠሮው በፊት ይጨርሱ። ከሞተ በኋላ እያለቀሱ ደረሰኝ መፈረም ማንም አይፈልግም። አስከሬኑ ወዴት እንደሚሄድም በዚሁ ጊዜ ይወሰን።

አንድ ነገር መደበቅ አይገባም፤ እንስሳው ባለፉት 10 ቀናት ውስጥ ሰው ነክሶ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት። ሰው የነከሰ ውሻ ወይም ድመት ለእብድ ውሻ በሽታ የሚጠበቅበት ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ከሞተ የአንጎል ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ጉዳዩ የተነከሰው ሰው ሕይወት ነው።

የቦታው ምርጫ የእንስሳው ይሁን፤ የሚተኛበት ጥግ፣ ግቢ፣ አልጋ። ለሐኪሙ የሚያስፈልገው ብርሃንና ጎንበስ የሚልበት ቦታ ብቻ ነው። ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ነገር ያንጥፉ። መድኃኒቱን በተለመደው ሰዓት ይስጡት፤ «ዛሬ ምን ያደርግለታል» ብሎ ማስታገሻ መተው አይገባም። ምግብን በተመለከተ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ አንዳንድ የሚያስተኙ መድኃኒቶች በተለይ ድመትን ያስመልሳሉ፣ ስለዚህ ከባድ ምግብ ላይፈቅድ ይችላል። ጥቂት የሚወደውን ነገር መቅመስ ግን ብዙ ጊዜ አይከለከልም።

ልጆች ካሉ፣ መገኘት ወይም አለመገኘትን ራሳቸው ይምረጡ፤ ምን እንደሚሆን በእውነተኛው ቃል ይነገራቸው። «ይተኛል» የተባለ ትንሽ ልጅ ማታ መተኛት ሊፈራ ይችላል። «ሰውነቱ መሥራት ያቆማል፣ ይሞታል፣ አያመውም» ይበቃል። አዋቂም ቢሆን ማየት ካልቻለ ክፍሉን ለቆ መውጣት ይችላል፤ እንስሳው ተኝቶ ራሱን ከሳተ በኋላ መውጣትዎን አያውቅም።

ደረጃ 7፦ በዚያች ሰዓት የሚሆነው

ሐኪሙ ሲመጣ ወዲያው መርፌ አያወጣም። እንስሳው እስኪለምደው ይቀመጣል፣ ይዳብሰዋል፣ የሚሆነውን ይነግርዎታል። ዝግጁ ነን ሲሉ የመጀመሪያውን መርፌ ከቆዳ ሥር ወይም ጡንቻ ላይ ይወጋል። ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል፤ ጥቂት እንስሳት ዞር ብለው ያያሉ ወይም ይጮኻሉ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጭንቅላቱ ይከብዳል፣ ይተኛል። መሰናበት የሚፈልጉ ሰዎች ከዚህ በፊት ይሰናበቱ፤ ከዚህ በኋላ ቢያወሩትም መስማቱ አይታወቅም። ዓይኑ ክፍት ሊሆን፣ ምላሱ ሊወጣ ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በኋላ እግሩ ላይ ትንሽ ፀጉር ይላጭና ደም ሥር ይፈልጋል። የኋላ እግር የሚመረጠው እርስዎ ጭንቅላቱን ይዘው መቀመጥ እንዲችሉ ነው። ፔንቶባርቢታሉ ሲገባ መጀመሪያ አንጎል ሥራውን ያቆማል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ በመጨረሻ ልብ። በደም ሥር ሲሰጥ ይህ ሁሉ በአብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ደም ሥሯ የማይገኝ ትንሽ ወይም ሰውነቷ ውሃ ያጣ ድመት ከሆነች ሐኪሙ በሆድ ውስጥ ሊሰጣት ይችላል፤ ያኔ ረዘም ይላል። ቀድማ ተኝታለችና መዘግየቱ አይሰማትም። ሐኪሙ ልቡን በማዳመጫ አዳምጦ መሞቱን ያረጋግጣል። ይህን ሳያደርግ «አልቋል» የሚል ሐኪም ካለ እንዲያዳምጥ ይጠይቁት።

ያልተነገረውን ሰው የሚያስደነግጡ ነገሮች አሉ። ዓይን አይዘጋም። ልብ ከቆመ በኋላ አንድ ሁለት ጥልቅ ትንፋሽ የሚመስል እንቅስቃሴ ሊታይ ይችላል። ጡንቻ ይርገበገባል፣ ጢም ይንቀጠቀጣል፣ ሽንትና ዓይነ ምድር ይወጣል። እነዚህ የነርቭና የጡንቻ ቅሪት እንቅስቃሴዎች እንጂ የስቃይ ምልክት አይደሉም። ሐኪሙ አስቀድሞ ካልነገረዎት፣ አሁን ያውቁታል።

ደረጃ 8፦ አስከሬኑ

አስከሬኑ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቶሎ እግሮቹን አጥፈው እንደተኛ አድርገው ያስቀምጡት፤ ያለበለዚያ መጠቅለልና መሸከም ይከብዳል። ቀብሩ ወይም የሚወስደው መኪና የሚዘገይ ከሆነ በቀዝቃዛ ቦታ፣ ውሃ በማያሳልፍ ነገር ላይ ያቆዩት።

ግቢ ውስጥ ለመቅበር የሚያስብ ሰው ይህን በጥንቃቄ ያንብብ። ፔንቶባርቢታል በአስከሬኑና በአፈሩ ውስጥ ከዓመት በላይ ሳይበሰብስ ሊቆይ ይችላል። ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ የተቀበረ አስከሬን ቆፍሮ የበላ ውሻ፣ አሞራ ወይም ንስር ይመረዛል፤ ይሞታልም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2003 በመድኃኒቱ ላይ የአካባቢ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። ስለዚህ መጀመሪያ የአካባቢዎ ሕግ መቅበር መፍቀዱን ያረጋግጡ። ከተፈቀደ፣ ከአስከሬኑ በላይ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር እንዲኖር አድርገው ይቆፍሩ፤ ከጉድጓድ ውሃና ከወንዝ ይራቁ፤ በፕላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ በላዩ ከባድ ድንጋይ ያድርጉ። በግልጽ ሜዳ መጣል ግን በፍጹም አይሆንም።

ማቃጠል መድኃኒቱን ያጠፋዋል። አገልግሎቱ ካለ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለብቻው ተቃጥሎ አመዱ የሚመለስበትና ከሌሎች ጋር ተቃጥሎ የማይመለስበት። «ለብቻው» ሲባል አንዳንድ ቦታ በአንድ ምድጃ ውስጥ በመካከል ክፍተት ትቶ አብሮ ማቃጠልን ስለሚያጠቃልል፣ የሚፈልጉትን በግልጽ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።

ደረጃ 9፦ ከቀረው ጋር

የተረፈውን መድኃኒት ለሌላ እንስሳዎ ወይም ለጎረቤት አይስጡ። ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ይመልሱ፤ መርፌዎቹንም በጠንካራ ዕቃ ውስጥ።

ሌላ ውሻ ወይም ድመት ቤት ውስጥ ካለ አስከሬኑን አሽትቶ እንዲያልፍ መፍቀድ ጉዳት የለውም። አንዳንዱ አሽትቶ ይሄዳል፣ አንዳንዱ አጠገቡ ይተኛል፣ አንዳንዱም ለቀናት በር በር ያያል። የምግብና የእግር ጉዞ ሰዓቱን እንደነበረ ያስቀጥሉለት። ውሻ አንድ ቀን ምግብ ቢዘጋው አያስጨንቅም። ድመት ግን፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልበላች ጉበቷ በስብ ሊሞላና ሊታመም ስለሚችል «ሐዘን ነው፣ ያልፋል» ብለው ሳይጠብቁ ያንኑ ሐኪም ይጥሩላት።